ልጆቻችሁ በሚጠጡት ውሃ ውስጥ ስንት ፍሎራይድ አለ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰብ የሚሆን መመሪያ

ስልክ ላይ የሚዞረውን ቪዲዮ ሳታዩት አልቀራችሁም። ፍሎራይድ (ከድንጋይ ወደ ውሃ የሚገባ፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥም የሚጨመር ማዕድን) የልጅ አእምሮ ይጎዳል፣ የቧንቧ ውሃ አታጠጡ ይላል። አንዷ ጎረቤቴ አይታው ደንግጣ መጣች። ልጇ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለእሱ ብቻ የታሸገ ውሃ መግዛት ጀምራለች። "አብሽሪ" አልኳትና ሁለት ነገር ጠየቅኳት። ውሃችሁ ከየት ነው የሚመጣው? ልጁስ ጥርሱን በምን ያህል የጥርስ ሳሙና ነው የሚያጸዳው? የመጀመሪያውን ቶሎ መለሰችልኝ። ሁለተኛው አሳቃት። "ኧረ እሱ ኮልጌቱን ይበላዋል እንጂ መች ያጸዳበታል!"

መመሪያው የሚሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ሳሙናው። የከተማ ቧንቧ ለሚጠጣ ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ቤተሰብ፣ በእኔ ግምት ይበልጥ ማሳሰብ ያለበት ሳሙናው ነው።

ከሁሉ በፊት፦ የአሜሪካኖቹን ክርክር ከእኛ ውሃ ለዩት

ቪዲዮዎቹ የሚያወሩት ሆን ተብሎ ውሃ ውስጥ ስለሚጨመር ፍሎራይድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥርስ እንዳይቦረቦር በሚል እ.ኤ.አ. በ1945 ግራንድ ራፒድስ በምትባል ከተማ ተጀመረ። አሁን እዚያ የሚመከረው መጠን በአንድ ሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው። ይቀጥል ወይስ ይቅር በሚለው ላይ እየተጨቃጨቁ ነው። ዩታ የተባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2025 ከልክሎታል።

እኛ ጋ ፍሎራይድ የሚጨምር የለም። ቧንቧችን ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ነው፤ አንዳንዴ ስትቀዱ የሚሸታችሁም እሱ ነው። በሀገራችን ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ካለ የመጣው ከድንጋይ ነው።

የአእምሮው ነገርም ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ (የመርዛማ ነገሮች ጥናት) ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ባወጣው ግምገማ፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ከልጆች የአእምሮ ብቃት ውጤት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ "በመካከለኛ እርግጠኝነት" ደምድሟል። 0.7ን በተመለከተ ግን ለመወሰን በቂ መረጃ አላገኘም። ቪዲዮዎቹ ይህን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ይዘሉታል።

1.5 የሚለውን ቁጥር ያዙት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያም ይኸው ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ "የእኔ ውሃ ከ1.5 በላይ ነው ወይስ በታች?" የሚለው ነው።

1. ውሃችሁ ከየት እንደሚመጣ ለዩ

ፍሎራይድ በሀገራችን በብዛት የሚገኘው በስምጥ ሸለቆ ነው። ወንጂን፣ መተሐራን፣ የዝዋይን አካባቢ የሚያውቅ ሰው የበለዘ ጥርስ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። እዚያ ውሃው እሳተ ገሞራ በፈጠረው ድንጋይ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ይሞቃል፣ ሶዳ ይበዛበታል። ካልሲየሙ ደግሞ ትንሽ ነው። ካልሲየም ፍሎራይድን ይዞ የሚያስቀር ማዕድን ስለሆነ፣ እሱ ሲያንስ ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ እንደ ልቡ ይቀራል።

ደሴ ያለችው ከሸለቆው ጫፍ በላይ፣ ጦሳ ሥር ነው። ከደጋ የሚወርድ ቀዝቃዛ ምንጭ ድንጋዩ ውስጥ ብዙም ሳይቆይ ስለሚወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍሎራይዱ ዝቅ ያለ ነው። ኮምቦልቻ ከሐረጎ ቁልቁል ወርዳ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከዚያ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ስትወርዱ ግን የምትገቡት አፋር ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። መንገዱ አጭር ነው፣ የውሃው ጠባይ ግን ሌላ ነው።

የሚከተሉት ቤተሰቦች ውሃቸውን ሳያስመረምሩ ባይቀሩ ጥሩ ነው፦

- በግቢያቸው ወይም በሚሠሩበት ድርጅት የግል ጥልቅ ጉድጓድ ያላቸው። በተለይ ሲቀዳ ሞቅ የሚል ውሃ ከሆነ።
- ከየት እንደተቀዳ ሳያውቁ ከቦቴ የሚገዙ።
- በሥራ ምክንያት ልጆቻቸውን ይዘው ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰመራ ወይም ዱብቲ የሚኖሩ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት ውሃ ይኖራል። ሮቶው ውስጥ የቧንቧ፣ ጀሪካኑ ውስጥ የምንጭ፣ ሰማያዊው በርሜል ውስጥ የቦቴ። ልጆቹ የሚጠጡት ከየትኛው እንደሆነ ለይታችሁ እወቁ። መመርመር ያለበት እሱ ነው። ገላ የሚታጠቡበትና ልብስ የሚታጠብበት ውሃ አያሳስብ፤ ፍሎራይድ በቆዳ አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ፍሎራይዱ ዝቅ የማለት ዕድል አለው። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ፍሎራይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ቀምሶ አወቅኩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

2. ቁጥሩን ጠይቁ፣ ከሌለ አስመርምሩ

የከተማ ቧንቧ ከሆነ የምትጠጡት፣ መጀመሪያ ወደ ከተማችሁ የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ሂዱ። አጠያየቃችሁ ግን ለውጥ ያመጣል። "ውሃው ንጹህ ነው ወይ?" ብትሉ "ንጹህ ነው" ትባላላችሁ፤ ያ የባክቴሪያና የክሎሪን መልስ ነው። "ለእኛ ሰፈር የሚመጣው ከየትኛው ምንጭ ወይም ጉድጓድ ነው? የፍሎራይድ ውጤቱስ በሊትር ስንት ሚሊግራም ነው? መቼ ነው የተለካው?" ብላችሁ ጠይቁ። በጽሑፍ ብታቀርቡት ይሻላል።

የግል ጉድጓድ ከሆነ ራሳችሁ ማስመርመር አለባችሁ። ደሴ ላይ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ አለ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። ናሙና ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና ፍሎራይድ ይለኩ እንደሆነ፣ ዋጋውንና ስንት ቀን እንደሚፈጅ አጣሩ። እነሱ ጋ ካልሆነ የት እንደሚሠራ እንዲጠቁሟችሁ ጠይቁ።

ናሙናው አወሳሰድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንዲህ አድርጉ፦

ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ያዙ። ፕላስቲክ መሆን አለበት። ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለሚዋሃድ ለዚህ የብርጭቆ ጠርሙስ አይመረጥም። በሳሙና አትጠቡት። በዚያው በምትመረምሩት ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ ድፉት። ክዳኑንም እንዲሁ።

ቧንቧውን ከፍታችሁ ለጥቂት ደቂቃ አፍስሱት፤ የሚፈሰውን በባልዲ ተቀበሉት፣ ለልብስ ይሆናል። ጉድጓድ ከሆነ ፓምፑ ትንሽ ከሠራ በኋላ ቅዱ። ከሮቶ አትቅዱ፤ ሮቶ ውስጥ የተደባለቀ ውሃ ሊኖር ይችላል። የምትጠጡት ሁልጊዜ ከሮቶው ከሆነ ግን ሁለተኛ ጠርሙስ ከእሱ ውሰዱ።

ጢም አድርጋችሁ ሙሉትና ክደኑት። ላዩ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የውሃውን ዓይነት ጻፉ። ጉድጓድ ከሆነ ጥልቀቱንም ጨምሩ። ለፍሎራይድ በረዶም መድኃኒትም አያስፈልገውም። በሳምንት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። ባክቴሪያም ማስመርመር ከፈለጋችሁ ግን ይሄ ጠርሙስ አይሆንም፤ ያኛው ላብራቶሪው የሚሰጠውን ንጹህ ዕቃ ይፈልጋል።

ኦንላይን የሚሸጡ ቀለም የሚቀይሩ ወረቀቶች አሉ። ለዚህ ሥራ አላምንባቸውም። የሚያስፈልገን 1.2ን ከ1.8 መለየት ነው፤ ቀለሙን በዓይን እያመሳሰሉ ይህን መለየት ይከብዳል።

3. ውጤቱን አንብቡ

ወረቀቱ ላይ "ሚሊግራም በሊትር" ወይም "ፒፒኤም" ሊል ይችላል። በውሃ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ከ0.5 በታች ከሆነ ከፍሎራይድ የሚመጣ ስጋት የለም፤ እንዲያውም ጥርስን ከመቦርቦር የሚጠብቀው መጠን ስላነሰ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይበልጥ ያስፈልጋል። ከ0.5 እስከ 1 ለጥርስ ጥሩ የሚባለው ነው። ከ1 እስከ 1.5 መካከል ከሆነ ውሃውን መቀየር አያስፈልግም፣ ሳሙናውንና ሻዩን ግን ጠበቅ አድርጉ። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለሚሞቅ ልጅ ውሃ ይበዛበታል፤ ቁጥሩ ወደ 1.5 ከተጠጋ ይህንን አስቡበት።

ከ1.5 ካለፈ ጥርስ የመበለዝ ዕድሉ ይጨምራል። በሊትር ከ3 እስከ 6 የሚደርስ ውሃ ለረጅም ዓመታት ከተጠጣ አጥንትና መገጣጠሚያም ይነካል።

የሚያሳስበው ዕድሜ ከልደት እስከ 8 ዓመት ያለው ነው። በዚያ ጊዜ ቋሚዎቹ ጥርሶች ድድ ውስጥ ሆነው ሽፋናቸው እየተሠራ ነው። ለላይኞቹ የፊት ጥርሶች ወሳኙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። ሲስቅ የሚታዩት ጥርሶች የሚበላሹት ገና ሳይበቅሉ ነው ማለት ነው። አባትና እናት አዋቂ ሆነው እዚያ አካባቢ ቢገቡ ጥርሳቸው አይበልዝም፤ "እኛም ጠጥተን ምንም አልሆንን" የሚለው ለልጁ ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

4. ከ1.5 በላይ ከሆነ

አታፍሉት። ይህን ደግሜ ብናገር ይቅር በሉኝ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድ ግን አይተንም። በሊትር 2 ሚሊግራም ያለውን 5 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ 4 ሊትር ቢቀር፣ አሁን 2.5 ሆኗል። ክሎሪን፣ ውሃ አጋር፣ የሸክላ ማጣሪያ፣ በጨርቅ ማጥለል፣ ሁሉም ለጀርምና ለድፍርስ ጥሩ ናቸው። ለፍሎራይድ አይረዱም።

ርካሹ መፍትሔ ለልጆቹ መጠጥና ለምግብ ብቻ ሌላ ውሃ መያዝ ነው። ምግብ ያልኩት ሾርባው፣ ገንፎው፣ ሽሮው፣ ሊጡ ጭምር ነው። ለሌላው ሥራ ያንኑ ውሃ ተጠቀሙ። ለልጆቹ የሚሆነውን ጀሪካን በቀለም ለዩት፤ አለበለዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያገኘውን ያንደቀድቃል።

ዝቅተኛው ውሃ በቂ ካልሆነ መቀላቀል ይቻላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ጉድጓዳችሁ 3 ቢሆን፣ የምታመጡት የምንጭ ውሃ 0.4 ቢሆን፣ እኩል በእኩል ብትቀላቅሉ 1.7 ይሆናል፤ አልበቃም። አንድ እጅ ጉድጓድ ከሁለት እጅ ምንጭ ጋር ከሆነ ወደ 1.3 ይወርዳል። ለዚህ የሁለቱንም ቁጥር ማወቅ ግድ ነው።

የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ክረምት ላይ ጣራችሁ ንጹህ ቆርቆሮ ከሆነ ከአሸንዳው አጠራቅሙ። ዝናቡ ሲጀምር የሚወርደውን ልቀቁት፤ አቧራውንና የወፍ ኩሱን ይዞ ይሂድ። የተጠራቀመውን ክሎሪን አድርጉበት ወይም አፍሉት። እዚህ ላይ ማፍላት ይሠራል፣ የምንፈራው ጀርሙን ነውና።

የታሸገ ውሃ ከመረጣችሁ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የማዕድን ሰንጠረዥ አንብቡ። ፍሎራይድ የሚል መስመር ካለ ቁጥሩን እዩ። ስለታሸገ ብቻ ዝቅ ያለ ነው ማለት አይደለም።

ማጣሪያ መግዛት ለሚችል፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት እጅግ ስስ በሆነ ወንፊት በማሳለፍ) የሚሠራው ፍሎራይድን በደንብ ያስቀራል። ውድ ነው፣ መብራት ይፈልጋል፣ ከሚያጣራው ብዙውን ይደፋል፤ በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ቤት ይሄ የመጨረሻው ያናድዳል። አክቲቬትድ አሉሚና (ከአሉሚኒየም የሚሠራ፣ ፍሎራይድን የሚይዝ ጠጠር መሰል ነገር) እና የአጥንት ከሰል የሚባሉትም ይሠራሉ። የአጥንት ከሰሉ የሚዘጋጀው ሙቀቱና አየሩ ተቆጣጥሮ ነው፤ ጓሮ አጥንት አቃጥላችሁ አትሞክሩ። ከየትኛው እንስሳ አጥንት እንደተሠራና እንዴት እንደታረደ መጠየቅም መብታችሁ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ግቢ በሚኖርበት ወሎ ይህን ሳይጠይቁ ለጎረቤት ማጠጣት ነውር ነው። ሁለቱም ጊዜያቸው ሲያልፍ ይጠግባሉ፣ ከዚያ በኋላ ውሃው እንዲሁ ያልፋል። ሻጩ መቼ እንደሚቀየር በቁጥር ካልነገራችሁ አትግዙ።

5. የጥርስ ሳሙናው

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልጅ እንመለስ። ቱቦው ጀርባ ላይ "1450 ፒፒኤም" የሚል ታገኛላችሁ። በአንድ ግራም ሳሙና ውስጥ 1.45 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለ ማለት ነው። ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ብሩሹን ከጫፍ ጫፍ ብትሞሉት ወደ አንድ ግራም ይሆናል።

ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከሁሉም በኩል የሚገባው ፍሎራይድ ከ1.3 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል፤ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለው 2.2 ነው። አስሉት። ውሃው 0.5 ቢሆን፣ ልጁ 8 ዲሲ ሊትር ያህል ቢጠጣ 0.4 ሚሊግራም ነው። የሞላ ብሩሽ አንዴ ብቻ ቢውጥ 1.45። ቀኑን ሙሉ ከጠጣው ውሃ ከሦስት እጥፍ በላይ በአንድ ጉርሻ ገባ።

ሳሙናውን ጣሉት እያልኩ አይደለም። የልጆች ጥርስ መቦርቦር እኛ ጋ ከመበለዝ የበለጠ የተለመደ ችግር ነው፤ ከመቦርቦር የሚጠብቀውም ይኸው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። መጠኑን ማስተካከል ነው የሚያስፈልገው፦

- ከ3 ዓመት በታች፦ አንድ የሩዝ ፍሬ የሚያህል። ቢውጠውም ከ0.2 ሚሊግራም አይበልጥም።
- ከ3 እስከ 6 ዓመት፦ አንድ የአተር ፍሬ የሚያህል።
- ጠዋትና ማታ። የሚያደርግለት ትልቅ ሰው ነው፤ ቱቦው በልጅ እጅ አይያዝ።
- ጎንበስ አድርጋችሁ እንዲተፋ አስተምሩት። ብዙ ውሃ አያስጉመጥሙጡት፤ ጥርሱ ላይ የሚቀረው ትንሽ ፍሎራይድ ሥራውን ይሥራ።

የእንጆሪና የማስቲካ ጣዕም ያለውን ባትገዙ እመክራለሁ። ልጅ ጣፋጭ መሰለው ማለት ዋጠው ማለት ነው። መፋቂያ ፍሎራይድ የለውም፤ ትልልቆቹ ልጆች ቀን ላይ ቢፍቁበት ምንም አይደለም፣ የማታውን ሳሙና ግን አይተካም።

ልጁ ቱቦውን ሙሉ ጨምቆ በልቶት ብታገኙት ወተት አጠጡትና ሳትዘገዩ ጤና ተቋም ውሰዱት። ለማስመለስ ጣት አትክተቱበት። ቱቦውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የፒፒኤሙን ቁጥር ይፈልገዋል።

6. ሻይ

ይህን ሰው አያስበውም። የሻይ ተክል ከአፈር ፍሎራይድ እየሳበ ቅጠሉ ላይ ያጠራቅማል። ውሃው ምንም ባይኖርበት እንኳ የተፈላ ሻይ በሊትር ከ1 እስከ 5 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ማታ ዳቦ በሻይ የሚበላ የአራት ዓመት ልጅ አስቡት። ቅጠሉ ጀበና ወይም ማንቆርቆሪያ ውስጥ በቆየ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል።

ለትንንሾቹ ቅጠሉን ተዉትና ቀረፋና ቅርንፉድ ብቻ አፍልታችሁ ስጧቸው። ሽታው ያው ነው፣ አይጣሏችሁም። ወተት ካለ ወተቱ ይቀድማል፤ ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ሆድ ውስጥ ይዞ በከፊል ያስቀረዋል።

ለሕፃን ደግሞ የእናት ጡት የሚያህል የለም። እናትየው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣ እንኳ ጡቷ ውስጥ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው። የዱቄት ወተት የሚበጠበጥለት ከሆነ ግን የውሃው ቁጥር ከማንም በላይ ለእሱ ያስፈልጋል፤ ምግቡ በሙሉ ውሃ ነውና።

7. ጥርሱ ላይ ምልክት ካያችሁ

ቀን ላይ መስኮት ጋ አቁሙት፣ ጥርሱን በንጹህ ጨርቅ አድርቁት፣ ከዚያ እዩ። በፍሎራይድ የመጣ ከሆነ በግራና በቀኝ ተመሳሳይ ጥርሶች ላይ አግድም የሄዱ ነጫጭ መስመሮች ወይም ደመናማ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሲብስ ቡናማ ይሆናል፣ ሽፋኑም ይቦጫጨቃል። አንድ ጥርስ ላይ ብቻ ያለ ጥቁር ጉድጓድ፣ ወይም ድድ ጠርዝ ላይ ያለ ነጭ ነጠብጣብ፣ አብዛኛውን ጊዜ መቦርቦር ነው፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም።

የበለዘ ጥርስ ታጥቦ አይነጣም። በሎሚ፣ በከሰል፣ በአመድ፣ በበረኪና የሚሞክሩ አሉ። በተለይ ሎሚው ያለውንም ሽፋን ይበላዋል። የጥርስ ሐኪም ላዩን ሳስ አድርጎ በመፋቅ ወይም በመሸፈን መልኩን ሊያስተካክለው ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ቋሚ ጥርሱ በደንብ ከወጣ በኋላ ነው። ቀለል ያለው ነጭ መስመር ብቻ ከሆነ ምንም ባይነካ ይሻላል። ልጁ ትምህርት ቤት ከተሾፈበት ግን ሐኪሙን አማክሩ።

ምልክቱ የሚነግራችሁ ከዓመታት በፊት የጠጣውን ነው። የሰባት ዓመቱ ልጅ ጥርስ በልዞ ቢወጣ፣ ውሃውን የምታስመረምሩት ለሁለት ዓመቷ እህቱ ብላችሁ ነው።

የምርመራውን ወረቀት አስቀምጡት። ጉድጓዱ ተጨማሪ ከተቆፈረ፣ ወይም ሰፈራችሁ ከአዲስ ጉድጓድ መቀዳት ከጀመረ፣ ያ ቁጥር አይሠራም፤ እንደገና ይለካ።